ቁልቋልና ስሙ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ በአሮጌ አጥር ጥግ ክንዶቹን እንደ መቅረዝ ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚቆመውን ዛፍ ወጣቱ ዛሬ «ካክተስ» ይለዋል። ችግኝ ሻጩም በዚሁ ስም ይሸጠዋል። ዛፉ ከእኛ ዘንድ ስም ያጣ ይመስል!

አማርኛ ቁልቋል ብሎታል፤ ኦሮምኛ አዳሚ። አዳማ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ዛፍ እንደሆነ ይነገራል፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2000 በይፋ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳለች።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ደጋው ሲወጣ ቁልቋልን ተመለከተ። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ከነአገሬው ስሙ ገለጸው። ቅርንጫፉን በሰይፍ ቢቆርጠው የፈሰሰው ወተት ብዛት አስደንቆታል፤ በስለቱ ላይ የቀረው እድፍም ታጥቦ አልለቀቀለትም። በዓመቱ ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪድሪክ ግመሊን ዛፉን ኢዮፎርቢያ አቢሲኒካ ሲል ሰየመው፤ የአገራችን የዱሮ መጠሪያ በቁልቋል ላይ እንዲህ ተጽፎ ቀረ።

ካክተስስ? ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚያድግ አንድ ዝርያ በቀር ትውልዱ አሜሪካ ነው። የምንበላው በለስ ከዚያው ወገን ሲሆን ትግራይ የደረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ግን እርሱንም ቁልቋል አለው። እንግዳው የባለቤቱን ስም ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ባለቤቱ በእንግዳው ስም ይጠራ ጀመር። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ዝምድና አይደለም፤ በየፊናቸው ውኃን በግንዳቸው ማጠራቀም መልመዳቸው ነው።

መለየቱ አያስቸግርም። ቁልቋል ቢጫሩት ነጭ ወተት ያፈሳል፤ እሾሁ በጠርዙ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል፤ አበባው ጥቃቅንና ቢጫማ ነው። የአብዛኛው ካክተስ ፈሳሽ ግን እንደ ውኃ ነው፤ እሾሁም ከአንዲት ጠጉራም ነጥብ በርከት ብሎ ይወጣል። በእርጥቡ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው አዳሚ ደግሞ ኢዮፎርቢያ አምፕሊፊላ የተባለው የአቢሲኒካ ዘመድ ነው፤ የቅርንጫፉ ጠርዝ ሦስት ወይም አራት ብቻ ነው፤ ለጋው ላይም ሰፋ ያለ ቅጠል ይታያል።

መትከል የሚፈልግ ቅርንጫፍ ቆርጦ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት በጥላ ያኑረው፤ ከዚያ ውኃ በማያቁር አፈር ይትከለው፤ ያለዚያ የጅማ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ወተቱን ከዓይን ያርቅ! እናቶች ልጅ ቅርንጫፉን ሲሰብር የሚጮኹት በከንቱ አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል።

አሁን አጥሩ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሆኗል። እኔ በምሠራበት ባንክ ለብድር መያዣ የሚቀርበው የቦታ ፕላን ወሰኑን በቁጥር ያሰፍራል። ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት ፕላኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱልኝና «የእኔ ቦታ እስከ አዳሚው ድረስ ነው» አሉኝ። ዛፉ አሁንም እንዳለ ጠየቅኋቸው። የለም፤ ልጃቸው ግንቡን ሲያቆም ቆርጦታል።