ስፕሊትና ሌየር፡- የኪቦርድ ወሰን ከመድረክ በፊት ይካለል

በጥር 2016 ዓ.ም. ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ተጫወትኩ፡፡ ሙዚቃ እንጀራችን አይደለም፡፡ ጠበቃ፣ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰባሰብን የምንለማመድ ሰዎች ነን፡፡ የሙሽራው አባት "መድረኩ ጠባብ ነው፣ አራት ሰው ይበቃል" ሲሉ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው አምስተኛው ጓደኛችን ቀረ፡፡ "ግድ የለም፣ ቤዙን በግራ እጄ እሸፍነዋለሁ" ያልኩት እኔ ነኝ፡፡ ላፕቶፕ አለኛ!

ሙሽሮቹ ሲገቡ የግራ አውራ ጣቴ ወሰኑን በአንዲት ቁልፍ አለፈ፡፡ ቤዙ ድንገት ጠፍቶ በምትኩ ስትሪንግ ጮኸ፡፡ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አልነበረም፤ ወሰኑን በዋዜማው ሌሊት በጥድፊያ ያካለልኩት እኔው ነኝ፡፡ በሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ የወሰን ክርክር አሰልቺ ይመስለኝ ነበር፡፡ ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ግን ሥራዬ ብዬ ተማርኩት፡፡ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እነሆ፡፡

ስፕሊት ማለት አንዱን ኪቦርድ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ድምፅ መስጠት ነው፤ በግራ ቤዝ፣ በቀኝ ፒያኖ እንደማለት፡፡ ሌየር ደግሞ በአንድ ቁልፍ ሁለትና ከዚያ በላይ ድምፅ በአንድ ጊዜ ማሰማት ነው፤ ፒያኖው ከሥሩ ስትሪንግ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ፡፡ በእኛ ቋንቋ የመጀመሪያው ክፍፍል፣ ሁለተኛው የጋራ ባለቤትነት ነው፡፡

እኔ የምጠቀመው አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 ከሎጂክ ስቱዲዮ ጋር ባወጣው ሜንስቴጅ ነው፡፡ ይህ ፕሮግራም የሚሠራው በማክ ኮምፒውተር ብቻ ነው፡፡ ዊንዶውስ ያላችሁ በካንታቢሌ፣ በጊግ ፐርፎርመር ወይም በኤብልተን ላይቭ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ፡፡ የቁልፎቹ ስም ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፡፡

በሜንስቴጅ ሙሉው ፋይል ኮንሰርት ይባላል፡፡ በውስጡ ለየዘፈኑ የሚዘጋጁ ፓቾች አሉ፤ በፓቹ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቻናል ስትሪፕ አለው፡፡ ሁለት ቻናል ስትሪፕ ከፍታችሁ በሌየር ኤዲተር ላይ የእያንዳንዱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁልፍ ትወስናላችሁ፡፡ ክልሎቹ ካልተነካኩ ስፕሊት፣ ከተደራረቡ ሌየር ሆነ ማለት ነው፡፡ ሌላ ምሥጢር የለውም፡፡ ችግሩ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው፡፡

አንደኛ፣ ወሰኑን ዘፈኑ ይወስን፡፡ ዘፈኑን እየተጫወታችሁ ግራ እጃችሁ የሚደርስበትን ከፍተኛ ኖታ ፈልጉና ወሰኑን ከዚያ በላይ አድርጉ፡፡ ወሰኑን ከሰው የምትቀበሉ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ያማሃ "ሲ 3" የሚለውን መሐለኛ ኖታ ሮላንድ "ሲ 4" ይለዋል፡፡ ሜንስቴጅ ደግሞ ተንሳፋፊ ወሰን አለው፤ ዜማው ከክልሉ ተነስቶ ወሰኑን ሲሻገር እናንተ በፈቀዳችሁት ሴሚቶን ልክ ወሰኑም አብሮ ይሸሻል፡፡ መሬት ላይ ቢሆን ጎረቤት የሚያፋጅ ነገር ነው፤ ኪቦርድ ላይ ግን የእኔን አውራ ጣት ባዳነው ነበር፡፡

ሁለተኛ፣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ዝቅተኛ ኖታው ከቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ኖታ በላይ ነው፡፡ ስለዚህ የቤዙን ቻናል ብቻ በትራንስፖዝ 12 ሴሚቶን፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ፣ ዝቅ አድርጉት፡፡

ሦስተኛ፣ የሰስቴይን ፔዳል ለፒያኖ ተብሎ ሲረገጥ ቤዙንም ይይዘዋል፤ ኖታው ተደራርቦ ይጨቀያል፡፡ ለቤዙ ቻናል የፔዳሉን ትእዛዝ መዝጋት ያስፈልጋል፡፡

አራተኛ፣ በሌየር ውስጥ አንዱ ጌታ፣ ሌላው አጃቢ ይሁን፡፡ ሁለቱም እኩል ከጮኹ አንዳቸውም አይሰሙም፡፡ ቁልፉ የሚመታበት ጉልበት፣ ቬሎሲቲ የሚባለው፣ እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይለካል፡፡ ለምሳሌ ብራሱ ከ100 በላይ ብቻ እንዲነሳ ካዘዛችሁት፣ ለስለስ ስትሉ ዝም ይላል፤ ስትመቱ ይገባል፡፡

አምስተኛው ለእኛ ለሕግ ሰዎች አዲስ አይደለም፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 እንደሚለው፣ ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚነት የለውም፡፡ ሜንስቴጅም እንዲሁ ነው፡፡ በኮንሰርት ደረጃ ያስቀመጣችሁት ድምፅ በያዘው ክልል ውስጥ የፓቹን ድምፅ ይሽረዋል፡፡ "ፓቹ ለምን ዝም አለ?" ብላችሁ ገመድ ከመነቃቀላችሁ በፊት ከላይ ምን እንዳለ እዩ፡፡

በመጨረሻም "ሁለት ባላ ትከል" ይባላልና፣ ስፕሊትም ሌየርም የሌለበት አንድ ባዶ የፒያኖ ፓች ሁልጊዜ በቅርብ ይኑራችሁ፡፡

ወደ ሠርጉ ልመለስ፡፡ የቀረው ጓደኛችን በእንግድነት ተጠርቶ ከፊት ጠረጴዛ ተቀምጦ ነበር፡፡ ሲሸኘኝ አልሳቀብኝም፡፡ "ግራ እጅህ መቼ ነው የሚያርፈው?" ብቻ አለኝ፡፡ ለካ ቤዝ ቤዝ የሚሆነው ዝም በሚልበት ቦታ ጭምር ነው፡፡ የእኔ ግራ እጅ ደግሞ ዝም ማለትን አልተማረም፤ ፒያኖውን ሊያግዝ የሚገባውንም ሥራ ትቷል፡፡ ወሰን ማካለል የሰውን ድርሻ ለራስ መጠቅለል አይደለም፡፡

በሚቀጥለው ሠርግ "መድረኩ ጠባብ ነው" ስንባል ተጣበን ቆምን፤ አምስት ሆነን፡፡ የቤዝ ስፕሊቱን ከኮንሰርቴ አላጠፋሁትም፡፡ ስሙን ግን "እሱ ሲታመም" ብዬዋለሁ፡፡