ሁሉም የተጠቀመበት፣ ጥቂቶች የጠበቁት ቁልፍ

ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን «የታመመ የለ፣ የታሰረ የለ፣ በየወሩ ለምንድነው የምናዋጣው?» ብላ ጠየቀች። አልፈርድባትም፣ ደሞዝ የሚዘገይባት ልጅ ናት። እኔን ግን አንድ የኮምፒውተር ታሪክ ትዝ አለኝ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የገባኝን ያህል ላጫውታችሁ።

በስልካችን ኢሜይል ወይም ባንክ ስንከፍት የይለፍ ቃላችን መንገድ ላይ እንዳይነበብ ተቆልፎ ነው የሚሄደው። ይህን የመቆለፍ ሥራ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች አንዱ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ይባላል። በነጻ ነው፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም መንግሥታትም ይጠቀሙበታል።

ሁለት ኮምፒውተሮች ሲገናኙ መስመሩ እንዳልተቋረጠ ለማወቅ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። ስሙ የልብ ትርታ ነው። አንዱ ትንሽ ቃል ይልካል፣ ርዝመቷንም ይናገራል፤ ሌላው ያችኑ ቃል ይመልሳል። ይህ ነገር በፈረንጆች 2011 የመጨረሻ ቀን ፕሮግራሙ ውስጥ ሲገባ አንድ ነገር ተረሳ። መለካት!

በእኛ ሥራ ላስረዳችሁ። ጎረቤት አንድ ኩባያ ስኳር ትሰጥሽና «የሰጠሁሽን አንድ ኩንታል መልሺልኝ» ትልሻለች እንበል። አንቺ ሳትለኪ ኩባያውን ስኳር ትመልሻለሽ፤ ኩንታሉ እስኪሞላ ደግሞ ከጎኑ ያገኘሽውን ሁሉ እየዘገንሽ ትጨምሪላታለሽ። የማዳም ወርቅ፣ የበር ቁልፍ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው ፓስፖርትሽ ሳይቀር ይሄዳል። ኮምፒውተሩም እንደዚሁ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ከሜሞሪው ያፈስ ነበር። የይለፍ ቃልም፣ የሰው መልእክትም፣ ዋናው ሚስጥራዊ ቁልፍም ሊወጣ ይችል ነበር። ሌባው ደጋግሞ ቢጠይቅም በተለመደው መዝገብ ላይ ዱካ አይቀርም።

ስህተቱ ያለበት ፕሮግራም በማርች 2012 ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ቆይቶ የጉግል ባለሙያና ኮዴኖሚኮን የሚባል የፊንላንድ ድርጅት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ አገኙት። ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ለሕዝብ ተነገረ፣ መጠገኛውም የዚያኑ ቀን ወጣ። ስሙን ሀርትብሊድ አሉት፤ የልብ መድማት ማለት ነው። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ድረ ገጾች ለአደጋው ተጋልጠው ነበር ተብሎ ተገመተ። አንድሮይድ 4.1.1 ያላቸው ስልኮችም ነበሩበት። በካናዳ የግብር መሥሪያ ቤት በስድስት ሰዓት ውስጥ የ900 ሰዎች ገደማ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተሰረቀ።

የጻፈው ሰው ሆን ብሎ ሳይሆን ስቶ መሆኑን ተናግሯል። ከመውጣቱ በፊት ያየለት ባልደረባም አላስተዋለውም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ድረ ገጽ የሚጠብቀው ፕሮግራም ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ ሌሎቹ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በመዋጮ የሚያገኙት በዓመት 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሚሊዮኖች ይጠቀማሉ፣ «ሌላው ይጠብቀዋል» ብሎ ግን ሁሉም ተቀምጧል።

ከደማ በኋላ ግን ገንዘብ መጣ። በዚያው ወር ጉግል፣ ፌስቡክ፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎችም በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል እያንዳንዳቸው በዓመት ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር ለሦስት ዓመት ለመስጠት ቃል ገቡ። ጥሩ ነው፤ የተሰረቀው ግን አይመለስም።

እህቴ፣ መልሴ ይሄ ነው። የእኛም ሣጥን ጠባቂዋ ጥቂት ነው። ገንዘብ ያዣችን ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስትሠራ ውላ ሌሊት ብቻዋን ሂሳብ ትጽፋለች። ደክሟት አንድ ቀን ብትሳሳት ማን ያይላታል? ከተሳሳተች በኋላ ብንወቅሳት ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ትንሽም ብትሆን መዋጮው ሰው ሳይታመም ይግባ፤ የቸገራት ትናገር፣ እንጠብቃታለን። ሁለት ሰው ደግሞ በየወሩ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ተቀምጦ ሂሳቡን ይቁጠር። አንደኛዋ እኔ ልሁን፤ ሁለተኛዋ ማን ናት?

ስልካችሁም «አፕዴት አድርጊ» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚደፈነው በእሱ ነው።