የፓሪ መንግሥት፦ የኢጣልያ አርበኞች የአምስት ወር ሥልጣን

በፌሩቾ ፓሪ የተመራው የኢጣልያ ጥምር መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጁን 21 ቀን 1945 እስከዚያው ዓመት ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ ቆየ። ዕድሜው አምስት ወር ተኩል ያህል ነበር። ፋሺዝምን የታገሉ ስድስት ፓርቲዎች ተጣምረውበታል። ከጀርመን ጦርና ከሙሶሊኒ ቅሪት ጋር በሰሜን ኢጣልያ የተዋጋው የአርበኞች ንቅናቄ ከዋና አዛዦቹ አንዱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት ያየው በዚህ መንግሥት ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጥምረቱ መነሻ ሴፕቴምበር 1943 ነው። ኢጣልያ ከተባባሪ ኃይሎች ጋር የተኩስ አቁም ስምምነት ማድረጓ በተነገረ ማግስት ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊና ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ ሮምን ለጀርመኖች ትተው ወደ ደቡብ ሸሹ። ይህ ባዶሊዮ በ1936 አዲስ አበባ የገባውን ወራሪ ጦር የመራው ሰው ነው። በዚያው ቀን ኮሚኒስቶች፣ ሶሻሊስቶች፣ የተግባር ፓርቲ፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶች፣ የሠራተኛ ዴሞክራቶችና ሊበራሎች ሮም ውስጥ በኅቡዕ ተሰብስበው ብሔራዊ የነጻነት ኮሚቴን አቋቋሙ። ትልቁም ትንሹም ፓርቲ እኩል ድምፅ ነበረው፤ ውሳኔ የሚጸናውም ሁሉም ሲስማሙበት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ምርጫ አድርጎ የእያንዳንዱን ፓርቲ ብዛት መለካት ስላልተቻለ ይህ ደንብ አስፈላጊ ነበር፤ ኅብረቱንም እስከ ድል ድረስ አቆይቶታል። ሰላም ሲመጣ ግን ከስድስቱ አንዱ ብቻ እንኳ እግሩን ቢያወጣ መንግሥት የሚፈርስበት ሁኔታ ተፈጠረ። ፓሪን ያወረዳቸውም በመጨረሻ ይኸው ነው።

ኤፕሪል 25 ቀን 1945 ሚላኖና ሌሎች የሰሜን ከተሞች ተነሡ። አርበኞቹ በብዙ ቦታ የተባባሪዎቹ ጦር ከመድረሱ በፊት ከተሞቹን ይዘው የራሳቸውን አገረ ገዥዎችና ከንቲባዎች ሾመው ጠበቁት። የዘመኑ ሰው ይህን ስሜት «የሰሜን ነፋስ» ይለው ነበር። በሮም የነበረው የአረጋዊው ኢቫኖኤ ቦኖሚ መንግሥት ይህን ነፋስ የሚሸከም አልነበረምና ሥልጣኑን ለቀቀ። ሶሻሊስቶች ፒየትሮ ኔኒን፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶች አልቺዴ ደ ጋስፔሪን ለቦታው አቀረቡ። አንዱ ወገን የሌላውን ዕጩ አልቀበልም አለ። ሳምንታት ከፈጀ ድርድር በኋላ ለማንም ፓርቲ የማያሰጋ ሰው ተፈለገና ፓሪ ተገኙ።

ፓሪ በዚያን ጊዜ የ55 ዓመት ሰው ነበሩ። የፒዬሞንቴ ተወላጅ ሲሆኑ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመኮንንነት ተዋግተው ለጀግንነታቸው ተሸልመዋል። በኋላም ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ በተባለው የሚላኖ ጋዜጣ ሠርተዋል፤ ጋዜጣው በ1925 በፋሺስቶች ተጽዕኖ ሥር ሲወድቅ ጥለውት ወጡ። በዓመቱ አረጋዊው የሶሻሊስት መሪ ፊሊፖ ቱራቲ በጀልባ ወደ ኮርሲካ እንዲያመልጡ ከካርሎ ሮሴሊና ከሳንድሮ ፔርቲኒ ጋር ሆነው ረዱ፤ ለዚህም እስራትና ግዞት ተቀበሉ። በጦርነቱ ጊዜ «ማውሪሲዮ» በሚል የትግል ስም የነጻነት በጎ ፈቃደኞች ጦር ምክትል አዛዥ ሆኑ። በ1945 መጀመሪያ ጀርመኖች ያዟቸው። በማርች ግን በኢጣልያ የጀርመን ኤስ.ኤስ. ኃይል አዛዥ ካርል ቮልፍ ከአሜሪካዊው የስለላ ኃላፊ አለን ደለስ ጋር በስውር ሲደራደር፣ የቮልፍን ቅንነት ለመፈተን ደለስ ፓሪ እንዲለቀቁ ስለጠየቁ ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ።

የተግባር ፓርቲያቸው በተማሩ ሰዎች የበለጸገ፣ በአርበኝነቱ ትግል ከኮሚኒስቶች ቀጥሎ ብዙ ተዋጊ ያሰለፈ፣ በሕዝብ መካከል ግን ሥር ያልሰደደ ድርጅት ነበር። ይህ ድክመት የፓሪን ዕጣ በእጅጉ ወስኗል። ኮሚኒስቶችና ሶሻሊስቶች የሠራተኛ ማኅበራት አሏቸው፤ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ከኋላቸው ቤተ ክርስቲያን አለች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን የሚመኩበት ከግል ክብራቸው በቀር ብዙ አልነበራቸውም።

ካቢኔው በዘመኑ ታላላቅ ሰዎች የተሞላ ነበር። ፓሪ ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ጋር የአገር ግዛት ሚኒስቴርን ያዙ። ኔኒና ሊበራሉ ማንሊዮ ብሮዚዮ ምክትሎቻቸው ሆኑ። ውጭ ጉዳይ ለደ ጋስፔሪ፣ ፍትሕ ለኮሚኒስቱ መሪ ፓልሚሮ ቶሊያቲ፣ ፋይናንስ ለኮሚኒስቱ ማውሮ ስኮቺማሮ፣ ግምጃ ቤቱ ለሊበራሎች ተሰጠ። ፋይናንስ በግራ፣ ግምጃ ቤት በቀኝ እጅ መሆኑ ብዙ ጣጣ አመጣ፤ አንዱ ያቀደውን ሌላው ማስቆም ይችል ነበርና።

መንግሥቱ የተረከበው አገር ባቡሩ የቆመ፣ ድልድዩ የፈረሰ፣ ዳቦው በራሽን የሚታደል አገር ነበር። የዋጋ ንረቱ ደመወዝን በልቶታል፤ ኑሮ በጥቁር ገበያ ላይ ተንጠልጥሏል። ከምርኮ የተመለሱ ወታደሮችና ትግሉን የጨረሱ አርበኞች ሥራ ይጠይቃሉ። በሲሲሊ ደሴቲቱን ከኢጣልያ ለመገንጠል የተነሣ እንቅስቃሴ የራሱን ታጣቂዎች አሰልፎ ነበር፤ መንግሥቱም በኦክቶበር መሪውን አንድሬያ ፊኖኪያሮ አፕሪሌን አስሮ አጋዘ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ሰሜኑ እስከ 1945 መጨረሻ በተባባሪ ኃይሎች ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። የአርበኞቹ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ አርበኞቹ በታገሉበት ምድር ላይ ሙሉ ሥልጣን አልነበራቸውም። የፓሪን መንግሥት በድካም የሚከሱ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢመዝኑ ፍርዳቸው ይለዝብ ነበር።

ያም ሆኖ መንግሥቱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሲታደል ትናንሽና መካከለኛ ድርጅቶች እንዲቀድሙ ፈለገ፤ በጦርነቱ የከበሩ ሰዎች ሀብት ላይም ከባድ ግብር ለመጣል አሰበ። ስኮቺማሮ የገንዘብ ኖት ቅያሪ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረቡ፤ የተደበቀውን ገንዘብ ለማወቅና ለመቅረጥ ሁነኛው መንገድ ይህ ነበር። ታላላቆቹ የሰሜን ኢንዱስትሪዎችና ባንኮች ደነገጡ፤ በካቢኔው ውስጥ ደግሞ ሊበራሎች አጥብቀው ተቃወሙ። ቅያሪው በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠው ቆይቶ በመጨረሻ ሳይፈጸም ቀረ።

ፋሺስቶችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የማጽዳቱ ሥራ ከዚህም የከፋ ቁጣ አስነሣ። ሃያ ዓመት በገዛ ሥርዓት የፓርቲው መታወቂያ ያልነበረው የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ዝቅተኛው ጸሐፊ ሲባረር ትልቁ ባለሥልጣን በጠበቃና በወዳጅ አመለጠ፤ የተጎዱትም ያመለጡትም መንግሥቱን ጠሉ። በኖቬምበር ኔኒ ያወጡት ሕግ ማጽዳቱን በከፍተኛ ባለሥልጣናት ላይ ብቻ ቢወስነውም ጊዜው አልፎ ነበር። የቲያትር ጸሐፊው ጉሊዬልሞ ጃኒኒ ያሳትሙት የነበረው «ኡሞ ኳሉንኩዌ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ይህን ምሬት ሰብስቦ ፖለቲከኛውን ሁሉ፣ በተለይም ፓሪን፣ በየሳምንቱ ይሳደብ ነበር። በቢሯቸው በቪሚናሌ ቤተ መንግሥት በተጣጣፊ አልጋ እያደሩ ሌት ተቀን የሚሠሩ ሰው የመሳለቂያ ርዕስ ሆኑ።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ገና ፓርላማ ላልነበራት አገር አማካሪ ጉባኤ ተከፈተ። ፓሪ ባደረጉት ንግግር ከፋሺዝም በፊት የነበሩት መንግሥታት ዴሞክራሲያዊ ሊባሉ አይችሉም የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። በማግስቱ ፈላስፋው ቤኔዴቶ ክሮቼ፣ ራሳቸው ከፋሺዝም በፊት የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት፣ ተነሥተው የሊበራሏን ኢጣልያ ክብር ተከላከሉ። ክርክሩ በውጭ ሲታይ ስለ ታሪክ ቢመስልም ጥያቄው የወደፊቱ ነበር፤ ከሙሶሊኒ በፊት የነበረው ሥርዓት ይመለስ ወይስ አዲስ ይሠራ? ስድስቱ ፓርቲዎች በዚህ ላይ ተስማምተው አያውቁም።

በውጭ ጉዳይ መንግሥቱ በጁላይ በጃፓን ላይ ጦርነት አወጀ። ደ ጋስፔሪም ከፋሺዝም በፊት የተያዙት ቅኝ ግዛቶች ከኢጣልያ እንዳይወሰዱ ተከራከሩ። ኤርትራ ከእነዚህ አንዷ ስለነበረች ክርክሩ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካ ነበር፤ ፋሺዝምን የጣሉት ፓርቲዎችም ቅኝ ግዛትን ገና እንዳልተዉ ያሳያል።

በኖቬምበር የሊበራሎች ዋና ጸሐፊ ሌዮኔ ካታኒ ፓርቲያቸውን ይዘው ተነሡ። መንግሥቱ ከፋሺዝም በፊት የነበሩ አንጋፋ ፖለቲከኞችን እንዲጨምር፣ አርበኞቹ የሾሟቸው አገረ ገዥዎችም በመደበኛ የመንግሥት ሹማምንት እንዲተኩ ጠየቁ። ጥያቄው ሳይሟላ ሲቀር ሚኒስትሮቻቸውን አስወጡ። ክርስቲያን ዴሞክራቶች ደግሞ ከስድስቱ አንዱ በጎደለበት ጥምረት እንደማይቀጥሉ አስታወቁ። ኮሚኒስቶችና ሶሻሊስቶች ፓሪን ለማዳን ብዙ አልተሟገቱም፤ ቶሊያቲ ከደ ጋስፔሪ ትልቅ ፓርቲ ጋር መግባባትን አስቀድመዋል። ኖቬምበር 24 ቀን ፓሪ የነጻነት ኮሚቴውን ተወካዮችና ጋዜጠኞችን ቪሚናሌ ጠርተው ሥልጣን መልቀቃቸውን ተናገሩ። የፋሺዝም ድጋፍ የነበሩ ኃይሎች ወደ ሥልጣን ለመመለስ መፈንቅለ መንግሥት እያካሄዱ ነው ብለው ከሰሱ። ደ ጋስፔሪ እዚያው ተነሥተው ክሱን አስተባበሉ።

ዲሴምበር 10 ቀን ደ ጋስፔሪ ከእነዚያው ስድስት ፓርቲዎች አዲስ መንግሥት አቋቋሙ፤ ከዚያም እስከ 1953 በተከታታይ መንግሥታት መሪ ሆነው ቆዩ። የሰሜን አገረ ገዥዎች በ1946 በመደበኛ ሹማምንት ተተኩ። በዚያው ዓመት ጁን 2 ቀን ሕዝቡ በድምፁ ንጉሣዊውን ሥርዓት ሽሮ ሪፐብሊክን መረጠ፤ በዚያው ወርም ቶሊያቲ ያዘጋጁት የምሕረት ሕግ ብዙ ፋሺስቶችን ከእስር ፈታ። የተግባር ፓርቲ በ1946 መጀመሪያ ተከፈለ፤ በ1947 ፈረሰ። ጸሐፊውና ሠዓሊው ካርሎ ሌቪ በ1950 ባሳተመው «ሎሮሎጆ» በተባለ ልብ ወለድ የመንግሥቱን ውድቀት ተርኮታል። ፓሪ ግን ከፖለቲካ አልራቁም። በ1949 የአርበኝነቱን ትግል ሰነዶች የሚሰበስብ ብሔራዊ ተቋም በሚላኖ አቋቋሙ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1963 የዕድሜ ልክ ሴናተር ተባሉ፤ በ1981 በ91 ዓመታቸው ሮም ውስጥ አረፉ።