ልጅ ግብር በነበረበት ዘመን

ባለፈው ወር የቁጠባ ስብሰባችን አልቆ ቡና ስንጠጣ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣች የአንዲት አባላችን ልጅ ያየችውን ፊልም ትተርክልን ጀመር። ታሪኩ ሱዛን ኮሊንስ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ካሳተመችው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ፓነም በምትባል የወደፊት አገር አንድ የጠገበ ዋና ከተማና 12 የተራቡ ወረዳዎች አሉ። ወረዳዎቹ ድሮ አምፀው ተሸንፈዋል። ለቅጣታቸው እያንዳንዱ ወረዳ በየዓመቱ አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ በዕጣ ይሰጣል፤ 24ቱ ልጆች አንድ እስኪቀር ይጋደላሉ፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥን እንዲያይ ይገደዳል። ዕጣው የ12 ዓመት ታናሽ እህቷ ላይ ሲወጣ ካትኒስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ «እኔ በሷ ፈንታ» ብላ ትወጣለች። በኋላ አገር ሁሉ የሚነሳው በሷ ምክንያት ነው።

ልጅቷ «እነዚህ ልጆች በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ስም በኛ ቋንቋ ‹ግብር› ማለት ነው» አለችን። በዕድሜ ትልቋ እናታችን ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ይሄ ፊልም ነው ወይስ የኛ አገር?» አሉ። ማንም አልሳቀም።

እኛም የማኅበሩን መዝገብ የምንይዝ ስለሆንን ጥያቄውን ይዘን ወደ ቤት ሄድን። መልሱን ለመፈለግ ትንሽ አነበብን፤ ትልልቆቹንም ጠየቅን።

የአሶሳና የአካባቢዋ ወርቅ ብዙ ጌታ አይቷል። የግብፁ ገዢ መሐመድ አሊ ሱዳንን ሲወር ከፈለጋቸው ነገሮች ዋናዎቹ ወርቅና ባሪያ ነበሩ፤ ልጁ እስማኤል እ.ኤ.አ. በ1822 እስከ ፋዞግሊ ዘልቋል። ከግብፆች በኋላ ማህዲስቶች መጡ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ቤላ ሻንጉልን ያዘ። ከአካባቢው ሼኮች መካከል የተዋጉም የተደራደሩም ነበሩ። ዋና ዋናዎቹ፣ የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን ጭምር፣ ተይዘው አዲስ አበባ ታሰሩ። ሼክ ሆጀሌ በኋላ ተፈትተው ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ1938 እስኪያርፉ ድረስ የአካባቢው ትልቅ ሰው ሆነው ኖሩ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ» የሚል የታክሲ ረዳት የሰማችሁ አባላት፣ የሰፈሩ ስም ከሼክ ሆጀሌ የመጣ ነው ይባላል።

ሼኩ ወደ ማዕከሉ የሚልኩት ግብር ወርቅ ነበር፤ የዝሆን ጥርስ ነበር፤ ሰውም ነበር። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ስለነበረው የባሪያ ንግድ በጻፉት ጥናት ይህን በዝርዝር ያሳያሉ። በአዋጅ ክልከላ ነበረ፤ ግብሩ ግን ቀጠለ። ከላይ የተጠየቀው ወደ ታች ይወርዳል። ንጉሡ ሼኩን፣ ሼኩ የመንደር አለቃውን፣ አለቃው አባወራውን ይጠይቃል። ከአባወራው በታች የቀረው ልጅ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የተጎዱት አቅም የሌላቸው ማኦ፣ ኮሞና ጉሙዝ ነበሩ፤ ከበርታም ደሃው አልተረፈም።

በልብ ወለዱ ውስጥ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ዓይናችን ያረፈበት አንድ ነገር አለ። የተራበ ቤተሰብ ልጅ የአንድ ሰው የዓመት እህልና ዘይት ብትወስድ፣ ስሟ በዕጣው ሣጥን አንድ ጊዜ ተጨምሮ ይገባል፤ ይህም ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል። ካትኒስ በ16 ዓመቷ ስሟ 20 ጊዜ ተጽፎ ነበር። የሀብታም ልጅ ስም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ ዕጣ ነው ቢባልም ዕጣ አይደለም፤ ወለዱ በልጅ የሚከፈል ብድር ነው። ደራሲዋ ይህን ከየት እንዳመጣችው አናውቅም፤ ስለኛ አገር እንዳልጻፈች ግን ግልጽ ነው። የመዝገቡ አሠራር ግን አንድ ነው። ወርቁ በወቄት ይጻፋል፣ ሰው በቁጥር ይጻፋል። ስም የሚባል ዓምድ የለም።

አሁን ለመጻፍ የከበደን ነገር ላይ ደረስን። ስለ ሴቶች ታሪክ ስንጽፍ ሴቷን ሁልጊዜ ተበዳይ አድርገን መጻፍ ይቀናናል፤ ለለጋሾቻችን በምንልከው ሪፖርትም እንዲሁ ነው። የሼክ ሆጀሌ ሚስት ሲት አምና ግን ራሷ ትልቅ የባሪያ ነጋዴ ነበረች። ከድንበር ማዶ ሱዳን ውስጥ ተቀምጣ ሰው ታሻግር ስለነበር የእንግሊዝ አስተዳደር ከሶ አሰራት። ይህን ዘለን ብንጽፍ ሒሳቡ አይዘጋም። በማኅበራችን የገዢም የተገዢም፣ የሻጭም የተሸጠም የልጅ ልጆች አብረን ቁጭ ብለን 50 ብር እናዋጣለን። አንድ ጊዜ በብድር ተራ ጠብ ላይ አንዷ ሌላዋን በዚያ በድሮው የስድብ ቃል ጠርታት ማኅበሩ ሊፈርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሁለት ወር ያህል ቁጠባ አልሰበሰብንም። ቃሉን እዚህ አንደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ታዲያ አመፁስ? በፊልሙ አመፀኛዋ ቀስት ይዛ ትታያለች፤ መላው አገር ፊቷን ያውቃል። የኛዎቹን ማን ያውቃቸዋል? ትልልቆቹን ስንጠይቅ የነገሩን አንድም የጦር ሜዳ አልነበረም። ሰብሳቢው መጣ ሲባል ልጆችን ገደል ውስጥ ስለደበቀች እናት ነገሩን። በሌሊት መንደሩን ነቅሎ ስለጠፋ ሕዝብ ነገሩን። ድንበር ተሻግረው ሱዳን የገቡም ብዙ ናቸው፤ የእንግሊዝ አስተዳደር ካመለጡት መካከል አንዳንዶቹን መንደር ሰጥቶ አስፍሯቸዋል። ወርቅ ደግሞ በኛ አካባቢ ከድሮ ጀምሮ የሴት ሥራ ነው። ከወንዝ ዳር አፈሩን በገበታ የምታጥበው እሷ ናት፤ እናም ያገኘችውን ሁሉ አታሳይም። አንዲት እናት «አያቴ ግማሹን በፀጉሯ ሹሩባ ውስጥ ይዛ ትገባ ነበር» አሉን፤ ለልጆቿ ማስቀሪያ ነበር። ይህ አመፅ ነው ወይ ብለን ተከራከርን። ገሚሶቻችን ብልሃት ነው አልን። እኛ ጸሐፊዎቹ ግን አመፅ ነው ባዮች ነን።

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የባሪያ ጉዳይ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። የ1934 ልጅ ዛሬም በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ከወሎ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወደ አሶሳ የመጡ እናቶቻችንም፣ አንዳንዱ ወዶ አንዳንዱ ተገዶ የተጫነበት ሌላ ታሪክ አላቸው። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ለሚቀጥለው እትም ከነሱ አንዷ እንድትጽፍ ለምነናል። ልብ ወለድ ጽፎ ራሱ ዋጋ የከፈለም አለን፤ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ወጥቶ ቀረ።

ወደዚያ ቀን ቡና እንመለስ። ትልቋ እናታችን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ልጅቷን «ታናሽ እህቷስ? ያቺ የተሞተላት?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና በሦስተኛው መጽሐፍ፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ እንደምትሞት ነገረቻቸው። እናታችን «ታዲያ ይሄን ቀድመሽ አትነግሪንም?» ብለው ተቆጡ። ቆይተው ደግሞ የአያታቸው እህት ስም ማን እንደነበር፣ ስንት ዓመቷ ላይ እንደተወሰደች ነገሩንና «በይ ጻፊው» አሉ። ሌላ ደብተር አልነበረምና በቁጠባው መዝገብ የኋላ ገጽ ላይ ጻፍነው።

አሁን ለዚህ ለብቻው ደብተር ገዝተናል። ስም፣ የእናት ስም፣ መንደር፣ የተወሰደችበት ዕድሜ፣ የደረሰችበት ቦታ የሚሉ አምስት ዓምዶች አሉት። የሰማችሁት ስም ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፤ መጻፍ የማትችሉም ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን። የወሳጅም ስም ቢሆን እንቀበላለን። እስካሁን ሰባት ስም ገብቷል። አንዷ ሱዳን እንደገባች ቤተሰቧ ያውቃል። የስድስቱ የመጨረሻ ዓምድ ባዶ ነው።