መቶ ቦታ የተከፈለች ደቂቃ

ስለ ሰዓት መጻፍ ከፖለቲካ መሸሽ ነው የሚል አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። የማነሣት ሰዓት ጊዜን ለማወቅ የተሠራች አይደለችም፤ የሰውን ጉልበት ዋጋ ለመተመን የተሠራች ናት እንጂ። በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ በመዘውር የምትሞላ፣ አናቷ ሲጫኑት የምትነሣና የምትቆም የድሮ ስቶፕዎች ናት። ከተለመደችው የምትለየው በገጿ ነው። ዙሪያዋ ስልሳ ቦታ ሳይሆን መቶ ቦታ ተከፍሏል። መርፌዋ አንድ ዙር ስትዞር አንድ ደቂቃ ይሞላል፤ እያንዳንዷ ጭረት የደቂቃ መቶኛ፣ ማለትም ስድስት ዐሥረኛ ሰከንድ ናት። (ከባሕር ማዶ ከመጡ ሰዓቶች ሁሉ ስድስት ሳንቀንስ የምናነባት እርሷን ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ ከዜሮ ትነሣለችና።)

ለምን መቶ? ለሒሳብ እንዲመች ነው። አንድ ሥራ 24 ሰከንድ ወሰደ ከማለት 0.40 ደቂቃ ወሰደ ማለት ለማካፈልና ለማባዛት ይቀልላል። የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 480 ደቂቃ ነው፤ በ0.40 ሲካፈል 1,200 ይሆናል። እንግዲህ ሠራተኛው በቀን 1,200 ጊዜ እጁን እንዲያንቀሳቅስ ይጠበቅበታል ማለት ነው። ውኃ የጠጣበት፣ ያሰበበትና የደከመበት ጊዜ ተለይቶ ካልታሰበለት በቀር ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገኝም።

ጊዜን በዐሥር የመክፈል ሐሳብ አብዮታዊ መነሻ አለው። የፈረንሳይ አብዮተኞች እ.ኤ.አ. በ1793 ቀኑን ዐሥር ሰዓት፣ ሰዓቱን መቶ ደቂቃ አድርገው በአዋጅ ከፈሉት፤ ሕዝቡ ግን አልለመደውም፣ በ1795 ተወው። ሜትርና ኪሎግራም ዓለምን ሲያዳርሱ የዐሥር ሰዓቱ ቀን ቀረ። አደባባይ ላይ የከሸፈው ነገር ግን ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ በፋብሪካው በር ገባ። በር የከፈተለት አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ቴይለር ነው። የሠራተኛውን ሥራ እየከፋፈለ እያንዳንዱን ቁራጭ በስቶፕዎች ለካ። እ.ኤ.አ. በ1903 በታተመው ጽሑፉ ከገለጻቸው መሣሪያዎች አንዱ ሰዓቱን በመጽሐፍ ገበታ ውስጥ የሚሸሽግ ነው፤ ሠራተኛው እየተለካ መሆኑን እንዳያውቅ። መለኪያው ለተለካው ሰው የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ለምን ይሸሸግ ነበር?

ሠራተኞቹም አልተታለሉም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1911 በማሳቹሴትስ የዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብረት አቅላጮች አንድ ባልደረባቸው በሰዓት አልለካም ሲል ሥራ ጥለው ወጡ። ኮንግረሱ ቴይለርን ጠርቶ መረመረ፤ በ1915ም በጦር ሠራዊቱ በጀት ላይ ስቶፕዎችን ለዚህ ተግባር ማዋልን የሚከለክል አንቀጽ አስገባ። ክልከላው እስከ 1949 ዘለቀ። በሌላው ጫፍ ሌኒን በ1914 የቴይለርን ሥርዓት ሰውን የማሽን ባሪያ ማድረግ ነው ብሎ ነቅፎት ሳለ፣ በ1918 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሶቪየት ልትማረውና ልትሞክረው ይገባል አለ። ሰዓቷ ርዕዮተ ዓለም የላትም፤ የምትሠራው ለያዛት ነው።

ወደ ጅማ እንምጣ። በሊሙ፣ በጎማና በአጋሮ የቡና ጥላ ሥር መቶ ጭረት ያላት ሰዓት ጉልበት ልትለካ ብትመጣ ኖሮ ታፍር ነበር። የቡና ፍሬ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እንኳ አንድ ላይ አይቀላም። ቀዩን ከአረንጓዴው የምትለይ ለቃሚ ወደዚያው ዛፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ትመለሳለች፤ ቁልቁለቱ፣ ዝናሙና የዛፉ ዕድሜ ሁሉ ይለያያሉ። 0.40 ደቂቃ የሚባል ነገር እዚያ የለም። በሰዓቷ ፋንታ ያለው ሚዛን ነው። ለለቃሚ በኪሎ ሲከፈል ሰዓት ያዥ ተቆጣጣሪ አያስፈልግም፤ ለቃሚዋ ራሷን ታጣድፋለች። ይህ ከቴይለር መጽሐፍ ይልቅ የረቀቀ መሸሸጊያ ነው እላለሁ።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ በዚህ አካባቢ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ተስፋፉ፤ ኋላም ወደ ግል ባለሀብት ተዛወሩ። ባለቤቱ ተለዋወጠ፤ በኪሎ መክፈል ግን አልቀረም። የዚህ ዕዳ በቡናው ላይም ይታያል። ሚዛን ቀዩንና አረንጓዴውን አይለይም። ቅርንጫፉን ይዞ መሸምጠጥ ቀዩን አንድ በአንድ ከመልቀም ይፈጥናል። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ተሸምጥጦ፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሲሆን የጅማ ስም በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን ከዝቅተኛ ደረጃ ጋር ተያይዞ ቆየ። ዘሩ ደካማ ሆኖ አልነበረም።

ማስረጃው አጋሮ አጠገብ ይገኛል። ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ተቋቁሞ ቀይ እሸት ብቻ እየተቀበለ ማጠብ ጀመረ፤ በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው፣ ገበሬው ያው ነው። የተለወጠው የሚከፈልበት ነገር ነው። በዚህ መንገድ ጊዜም ይለካል፤ እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ቀማሹም ውኃ ካፈሰሰ በኋላ አራት ደቂቃ ያህል ጠብቆ ነው በማንኪያ የሚሰብረው። ነገር ግን እዚህ የሚለካው ቡናው ነው።

መቶኛዋ ደቂቃ ግን ከጅማ ጨርሳ አልራቀችም። በ2011 ዓ.ም. በከተማው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። በዓለም ዙሪያ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የአንድ ሸሚዝ ዋጋ ሲተምን፣ አንገትጌው ይህን ያህል፣ እጅጌው ይህን ያህል እያለ በደቂቃና በደቂቃ መቶኛ ነው። መዘውሩ ቀርቶ ሒሳቡ ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ቀን ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ማለትም 480 ደቂቃ። ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም አዘዘ። የደመወዙን መጠን ግን አዋጁ ራሱ አልጻፈውም፤ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ብቻ ነው የጻፈው።