በዋተርፎርድ ከተማ ስላሉት ሁለት ካቴድራሎች

በአየርላንድ ደሴት በደቡብ ምሥራቅ በኩል፥ ሹር በሚባለው ወንዝ ዳር፥ ዋተርፎርድ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። የመሠረቷትም በ914 ዓ.ም. ከሰሜን አገር በመርከብ የመጡት ቫይኪንጎች ናቸው። (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለዚህም ከአየርላንድ ከተሞች ሁሉ በዕድሜ ታላቅ እርስዋ ናት ይባላል። በወንዙ ዳር የቆመው የሬጂናልድ ግንብ ስሙን ከቫይኪንጎች ወርሶአል፤ አሁን ያለው ሕንፃ ግን በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን፥ በየዘመኑ ምሽግም፥ ገንዘብ መምቻም፥ ወኅኒ ቤትም ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን የከተማይቱን ታሪክ ለሚመረምር ሰው፥ ከዚህ ግንብ ይልቅ ሁለቱ ካቴድራሎችዋ የበለጠ ያስተምራሉ።

በ1096 ዓ.ም. ዋተርፎርድ የራስዋን ኤጲስ ቆጶስ አገኘች። በ1170 ኖርማኖች ከተማይቱን በጦር በያዙ ጊዜ፥ አለቃቸው ስትሮንግቦ የሌንስተርን ንጉሥ ልጅ ኢፋን በዚያው አገባ፤ ሠርጉም በካቴድራሉ ተፈጸመ ተብሎ ይተረካል። ከዚያም በኋላ ኖርማኖቹ በአሮጌው ፈንታ ታላቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። በ15ኛው መቶ ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ ከንቲባ የሆነው ጄምስ ራይስ መቃብሩን በዚያ አሠራ። በመቃብሩ ላይ ያለው ምስልም ባለጸጋ ሰው በክብር ልብስ አይደለም፤ ሥጋው የፈረሰ፥ ትል የወረረው ሬሳ ነው። ይህም የሰውን ክብር ኃላፊነት ለሚያየው ሁሉ ይመሰክራል።

በ16ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ነገሥታት ከሮማ በተለዩ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱ ለአዲሱ ሥርዓት ተሰጡ፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን በካቶሊክ ሃይማኖቱ ጸና። በዚህም ምክንያት ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1649 ኦሊቨር ክሮምዌል ከተማይቱን ከቦ ሳይዛት ተመለሰ፤ በ1650 ግን አማቹ አይርተን ያዛት። በዚያ የጭንቅ ወራት ካህናቱ የካቴድራሉን ልብሰ ተክህኖ ከመሬት በታች ሸሸጉት። ያም በ15ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ከተሠራ ሐርና ወርቀ ዘቦ የተሰፋ፥ በብሩዥ ጠቢባን እጅ የጌታችንና የቅዱሳን ታሪክ የተጠለፈበት ነበር። የሸሸጉት ሰዎች ተመልሰው ሳያወጡት አለፉ፤ ሥፍራውም ተረሳ።

ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ1773 ዓ.ም. ፕሮቴስታንቶች አሮጌውን ካቴድራል አፍርሰው አዲስ ሊሠሩ ተነሡ። ኤጲስ ቆጶሱ ሪቻርድ ሼኔቪክስ ለማፍረስ ቢያመነታ፥ በሚያልፍበት ሰዓት ፍርስራሽ እንዲወርድ አድርገው አስፈሩት እየተባለ ይወራል። ሕንፃው ሲፈርስም የተሸሸገው ልብሰ ተክህኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ካቶሊኮችን የሚያስጨንቀው ሕግ ገና አልተሻረም ነበር፤ የሼኔቪክስም ዘመዶች ስለ ፕሮቴስታንት ሃይማኖታቸው ከፈረንሳይ የተሰደዱ ነበሩ። እርሱ ግን የተገኘውን ንብረት ለራሱ ወገን አላስቀረም፤ ለከተማይቱ የካቶሊክ ኤጲስ ቆጶስ ሰጠው እንጂ።

አዲሱን ካቴድራል የሠራው የከተማይቱ ተወላጅ መሐንዲስ ጆን ሮበርትስ ነው። የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ይህ ሕንፃ በ1779 ተፈጸመ። የመሐንዲሱም ሥራ በዚህ አላበቃም። በ1793 ዓ.ም. ካቶሊኮች የቅድስት ሥላሴን ካቴድራል መሥራት ሲጀምሩ፥ ፕሮቴስታንት የሆነውን ይህንኑ ሽማግሌ መረጡት። እርሱም ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ ሥራውን ተቀበለ። አንድ ቀን ሰዓት ተሳስቶ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራው ሄደ፤ ባላለቀው ሕንፃ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ብርድ መታው፤ በዚያውም ታሞ በ1796 ዐረፈ ይባላል። የፊት ለፊቱ ግንብ የተፈጸመው ግን በ1893 ነው። ይህም በአየርላንድ ካሉት የካቶሊክ ካቴድራሎች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው ነው።

ዛሬ ሁለቱ ካቴድራሎች በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተራርቀው ይገኛሉ። ያ ልብሰ ተክህኖም ከክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኘው የመካከለኛው ዘመን ሙዚየም ለሕዝብ ይታያል። የሃይማኖት ጠብ ያፈረሰውን ጦርና ሕግ አልጠገኑትም። የሰውን ንብረት ለባለቤቱ የመለሰ አንድ ኤጲስ ቆጶስና ለሁለቱም ወገን በታማኝነት የሠራ አንድ መሐንዲስ ግን የዕርቅን መንገድ አሳዩ። የቤተ ክርስቲያንን ቅርስ የሚጠብቅ ሁሉ ይህን ሊያስታውሰው ይገባል፤ ቅርስ በግንብ ብቻ አይጠበቅም፤ ባልንጀራውን በሚያከብር ሰው ልብም ይጠበቃልና።