የወጌሻው እጅ፣ የኮሪያው መርፌና ያልተጻፈው ደብተር

እስቲ ማንበቡን ለአፍታ ግቱና አፋችሁን ክፈቱ። ሦስት ጣቶቻችሁን ደርድራችሁ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቻችሁ መካከል አቁሟቸው። ከገቡ መንጋጋችሁ በደንብ ይከፈታል ማለት ነው፤ አብዛኛው ጎልማሳ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፍታል። ማክሰኝት የምትኖረው እናቴ ይህን ስትሞክር ግን ሁለት ጣት እንኳ የሚገባላት በግድ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ቆሎ ስትቆረጥም ነው። መጀመሪያ ከጆሮዋ ፊት ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት የሚብስ ሕመም። ጎረቤቱ ሁሉ «ጥርስሽ ነው» አላት። አንድ ክሊኒክ ሄዳ መንጋጋ ጥርሷን አስነቀለች፤ ጥርሱ ሄደ፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነበር። ከዚያ ወጌሻ ዘንድ ሄደች። በቅቤ አሿት፤ ሁለት ሳምንት ተሻላትና መልሶ አገረሸባት። በመጨረሻ ጎንደር ያገኘቻት ፊዚዮቴራፒስት የአፍ መክፈትና መዝጋት እንቅስቃሴ አስተማረቻት፤ ጠንካራ ምግብም ለጊዜው ከለከለቻት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስቱም ጣት ገባ።

ታዲያ ማን አዳናት? እኔ የተማርኩት መካኒካል ምህንድስና ነው፤ አንድ ማሽን ሲስተካከል የትኛው ብሎን ሲጠብቅ እንደተስተካከለ ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። መልሱን ፍለጋ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። የታችኛው መንጋጋ ድጋፉ ከጆሮ ፊት ያለ ማንሻ ነው። የሚያኝከው ጡንቻ የሚስበው በድጋፉና በጥርሱ መካከል ስለሆነ፣ ቆሎ በቆረጠምን ቁጥር መገጣጠሚያውም ጫና ይሸከማል። ደግሞም እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ቦታ ብቻ አይዞርም፤ አፍ በሰፊው ሲከፈት ወደ ፊት ይንሸራተታል። በመካከሉ ያለችው ትንሽ ትራስ ከቦታዋ ስትሸሽ ነው ብዙ ጊዜ ያ ቀጭታ የሚሰማው። ሕመሙ ጆሮ፣ ጥርስና ራስ ላይ ስለሚሰማ ምንጩን ያሳስታል። አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጄምስ ኮስተን በ1934 የ11 ሕመምተኞችን ታሪክ ጽፎ የጆሮ ሕመም ከመንጋጋ ሊመጣ ይችላል ሲል ነው ጉዳዩ በሐኪሞች ዘንድ በስፋት መነጋገሪያ የሆነው።

እጅ ግን ከዚያ በፊት ሺህ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የግብፃውያን የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የወለቀ መንጋጋ እንዴት እንደሚመለስ ይናገራል፦ አውራ ጣቶች አፍ ውስጥ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከአገጭ ሥር፣ ከዚያ ወደ ኋላ መግፋት። የዛሬ ሐኪም የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እንግሊዝም የራሷ ወጌሻዎች ነበሯት። ሪቻርድ ኸተን የሚባል የለንደን ወጌሻ በታመመ ጊዜ ፒተር ሁድ የተባለ ሐኪም በነፃ ያክመዋል። ወጌሻው ውለታውን የመለሰው ሙያውን ለሐኪሙ ልጅ በማሳየት ነው። ልጁ ዋርተን ሁድም ሐኪም ነበርና፣ አጠገቡ ቆሞ ያየውን ጽፎ በ1871 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመው። የሚጠቅመው ከሚጎዳው ተለይቶ ለክርክር ቀረበ። የስዊድኑ ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 ስቶክሆልም ላይ ካቋቋመው የጂምናስቲክ ተቋም፣ ከፖሊዮ ወረርሽኝና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ጋር ተደምሮ ዛሬ ፊዚዮቴራፒ የምንለው ሙያ ቅርፁን ያዘ።

ኮሪያ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች። የባሕል ሕክምናዋ ትልቁ መጽሐፍ፣ ሐኪሙ ሆ ጁን ያዘጋጀው «ዶንጉዊ ቦጋም»፣ የታተመው በ1613 ነው። በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ዘመን የባሕል ሐኪሞቹ ከዘመናዊዎቹ በታች ተደረጉ። ከዚያ ግን 1951 መጣ። በግንቦት የእኛው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት መስከረም፣ ጦርነቱ ሳይበርድ፣ የኮሪያ መንግሥት የባሕል ሐኪምንም ዘመናዊ ሐኪምንም በፈቃድ የሚያሠራ ሕግ አወጣ። ፈቃድ ሲመጣ ትምህርት ቤት መጣ፣ ፈተና መጣ፣ የሕመምተኛ መዝገብ መጣ። በ1987 የባሕል ሕክምናው በሀገር አቀፉ የጤና መድን ውስጥ ገባ፤ «ቹና» የሚባለው የእጅ ሕክምናቸውም በ2019 ተጨመረ። መዝገብ ስላለ አኩፓንክቸሩንና በመርፌ የሚሰጠውን የዕፅዋት ፈሳሽ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ መፈተሽ ተቻለ።

ፈተናው ቀላል አይደለም። ሥር የሰደደ ሕመም በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በባሰበት ቀን ነው። ስለዚህ ምንም ባይደረግለትም በሚቀጥለው ሳምንት ሊሻለው ይችላል። በዚያ ላይ መርፌ የተወጋ ሰው መወጋቱን ያውቃል፤ ተስፋው ራሱ ሕመሙን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሕመምተኞችን በዕጣ መመደብና ለወራት መከታተል የሚያስፈልገው። እስካሁን የተሰበሰበውን መዝኖ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በ2023 ያወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የመንጋጋ ሕመም በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ እንቅስቃሴንና የእጅ ሕክምናን፣ ከሥነ ልቦና ምክር ጋር፣ አጥብቆ ይመክራል። አኩፓንክቸርንም ይመክራል፤ ግን ለዘብ አድርጎ። ማለትም መርፌው ከንቱ ነው አልተባለም፣ ማስረጃው ግን ገና የሳሳ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ ወጌሻስ የት ጋ ይቀመጣል? በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት አሉን፤ በብዛት የሚናገሩት ግን ስለ ሥርና ቅጠል ነው። የወጌሻው ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ይተላለፋል እንጂ አይጻፍም። ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባሕል ሕክምና ማስተባበሪያ ተቋቁሞ ነበር፤ እንደ ኮሪያ ግን ፈቃድ፣ ትምህርት ቤትና መዝገብ አንድ ላይ አልመጡም። ባለመጻፉ የምንከፍለው ዋጋ አለ። ስብራት ላይ አጥብቀው ባሰሩት ቀርከሃ የተነሳ እጅና እግር በስብሶ የተቆረጠባቸው ሰዎች ታሪክ በሆስፒታሎቻችን የታወቀ ነው። ስንቶቹ በደህና እንደዳኑ ግን የመዘገበ የለም። ስለዚህ አንዱ ወገን «ወጌሻ ገዳይ ነው» ይላል፣ ሌላው «ወጌሻ ያውቃል» ይላል፤ ሁለቱም የሚከራከሩት ያለ ቁጥር ነው።

የእናቴን ወጌሻ፣ ጋሼን፣ ያሿቸውን ሰዎች ጽፈው ይዘው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ብጽፍስ ስላቸው ግን እሺ አሉኝ። ማክሰኝት ከጎንደር በመኪና አንድ ሰዓት አትሞላም፤ ጎንደር ደግሞ በ1947 ዓ.ም የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ዛሬም ዩኒቨርሲቲዋ ፊዚዮቴራፒ የሚያስተምርባት ከተማ ናት። ዋርተን ሁድ ያደረገውን ለማድረግ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ነው።

እናንተም መንጋጋችሁ ካመማችሁ ጥርስ ከመንቀል በፊት መገጣጠሚያው እንዲታይ ጠይቁ፤ የተነቀለ ጥርስ አይመለስም። ቁስል ኖሮባችሁ አፋችሁ አልከፈት ካለ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል፤ የመንጋጋው ሕመም ከደረት ሕመም ጋር ከመጣም ልብ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወጌሻም ፊዚዮቴራፒም ሳትሉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

እናቴን ማን እንዳዳናት ዛሬም አላውቅም። ወጌሻው፣ እንቅስቃሴው፣ ቆሎ መተዋ፣ ወይ ጊዜው ራሱ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሊመልስ አይችልም። ደብተሩ ላይ ግን የመጀመሪያው መስመር የእሷ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ጣት፣ በኋላ ሦስት።